የሚደማ ድድ ምን ይናገራል?

አያቴ ድዳቸውን የተነቀሱ ሴት ነበሩ። በመርፌ እየተወጋ ጥላሸት የተቀባ ጥቁር ድድ በእሳቸው ዘመን፣ በወሎው ውርጌሳ ዙሪያም ሆነ በሌላው የሰሜን አገር፣ የቆንጆ መለያ ነበር። ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ሲበራ ሳቅ ያምራል። ከውበቱ ሌላም «ድድ ያጠነክራል» ይባልለት ነበር። የአያቴ ጥርስ ግን ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አንድ በአንድ ወለቀ። አልተቦረቦረም፣ አልበሰበሰም፤ ደህናው ጥርስ ተነቃነቀና እጃቸው ላይ ቀረ። «ጥርሴስ ምንም አላለኝ፤ ድዴ ነው የከዳኝ» ይሉ ነበር። ቆሎውን ለእኛ ትተው ፍትፍት ያዙ። ከዓመታት በኋላ እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ ስኳር እንዳለባቸው ታወቀ። ድዳቸው ይህን ቀደም ብሎ ሲናገር ቆይቶ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አማርኛ ለጥርስ ብዙ ፈሊጥ አለው። የቸገረው ሰው ጥርሱን ነክሶ ያልፋል፣ የተጠላ ሰው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ጥሩ ጨዋታ ጥርስ አያስከድንም። ድድ የሚነሣው ግን ሥራ ያጣ ወጣት የሚቀመጥበትን ማዕዘን «ድድ ማስጫ» ስንል ነው። በሕክምናውም ዓለም ድድ ለረጅም ጊዜ የጥርስ ጭፍራ፣ ጥርስም ከቀረው ገላ የተነጠለ ነገር ሆኖ ኖሯል። ጥርስ የራሱ ሐኪም፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ክፍል አለው። ሌላው ሐኪም አፍ የሚያስከፍተው ምላስና ጉሮሮ ለማየት ነው።

ይህ አጥር በቅርብ ዓመታት መነቃነቅ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የዓለም ጤና ጉባኤ የአፍ ጤና ከስኳር፣ ከልብና ከሌሎች ተላላፊ ካልሆኑ በሽታዎች ጋር አብሮ እንዲታይ ወሰነ። በ2022 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ 3.5 ቢሊዮን የሚሆን ሰው የአፍ በሽታ እንዳለበት፣ ከባድ የድድ በሽታ ያለበት ደግሞ ወደ 1 ቢሊዮን እንደሚጠጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ 2023 ከድድ ተነሥቶ የሕጻናትን ፊት የሚበላው ኖማ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ገባ። በኅዳር 2024 አገሮች በባንኮክ ተሰብስበው ስለ አፍ ጤና መከሩ።

ዜናው ሲበዛ ማጋነኑም ይከተላል። አንዱ «ድድህ ከደማ ልብህ ይቆማል» ይላል፤ ሌላው የመርሳት በሽታን ሁሉ በድድ ተህዋሲያን ያሳብባል። ስለዚህ የጸናውን ካልጸናው መለየት ግድ ነው። በተለይ እንደ ሰሜን ወሎው ሐብሩ ባለ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ የሚሄድ ሰው ባለበት አገር፣ ባልተጣራ ነገር ሰውን ማስደንገጥ በደል ነው። የተጣራውን መደበቅም በደል ነው።

መጀመሪያ ድድ እንዴት እንደሚታመም እንይ። ጥርስ ታጥቦ ብዙም ሳይቆይ በላዩ ስስ ልባስ ይጋገራል፤ ልባሱ ባክቴሪያ ነው። በጊዜው ካልተፋቀ ወፍሮ፣ ከምራቅ ማዕድን ወስዶ ድንጋይ ይሆናል። ድድ ደግሞ ይህን ባዕድ ነገር ሲቀበል ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ኖርዌያዊው ሃራልድ ሎኤና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት ድዳቸው ጤናማ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን መቦረሽ እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ታመመ። እንደገና መቦረሽ ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። ከዚህ በላይ ቀላል፣ ከዚህም በላይ ተስፋ የሚሰጥ ጥናት በሕክምና ታሪክ ጥቂት ነው። የደማ ድድ ይድናል፣ ያውም በሳምንት።

ሰው ችላ ካለው ግን ቁጣው ወደ ታች ይወርዳል። ድድ ከጥርስ ይላቀቅና ኪስ ይሠራል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሟሟል። አንዴ የሄደ አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ባብዛኛው ማቆም እንጂ መመለስ አይቻልም። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ድድ ኪሶች ውስጥ ያለው ቁስል ተዘርግቶ ቢለካ ከ8 እስከ 20 ስኩዌር ሴንቲሜትር እንደሚሆን ተገምቷል። ይህን የሚያህል መግል የያዘ ቁስል ክንዱ ላይ ቢወጣ ዝም የሚል ሰው የለም። ድድ ላይ ሲሆን ግን አይታይም፣ ብዙ ጊዜም አያምም፤ ስለዚህ ዓመታት ይኖራል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ባክቴሪያውም፣ ሰውነት ለመዋጋት የሚያመነጨው ኬሚካልም ወደ ደም ይገባል። ድድን ከቀረው አካል ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኸው ነው።

የንቅሳቱን ነገር እዚህ ላይ ላንሣው። ከድድ በሽታ የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ቀለም ነው፤ ጤናማው ድድ ሐመር ሮዝ፣ የታመመው ቀይ። ጥቁር ድድ ላይ ቅላት አይታይም። ስለዚህ ድዳቸውን ለተነቀሱ እናቶች ቀለም አይመሰክርም፤ መጠየቅ ያለበት እብጠትና ደም ነው። ጤናማ ድድ ላይ የተነቀሰን ንቅሳት ማንም ሊነቅፈው አይገባም፣ የኖረ ውበት ነው። ዛሬ ግን ባልጸዳ መርፌ የሚተላለፉ በሽታዎች ስላሉ አዲስ መነቀስ አደጋ አለው፤ ድድንም አያጠነክርም።

ሕመምን ወደ አፍ መውሰድ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሕጻን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይበሳል፣ ያልበቀለ ጥርሱ በሹል ብረት ይወጣል። የሚደማው ድድ ተመርዞ ሕጻኑ ሊሞት ይችላል፤ ከተረፈም ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ይበላሻል። ተቅማጡ ግን የመጣው ከውሃው ነበር፤ መድኃኒቱም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነበር። ይህን ስናገር የወላጆቻችንን ዕውቀት ለማዋረድ አይደለም። የሠለጠነ የሚባለው ሕክምናም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር ብዙ በሽታ የሚመነጨው ከአፍ ውስጥ ከተደበቀ መርዝ ነው ብሎ አስተማረ፤ ሐኪሞችም ለመገጣጠሚያ ሕመምም፣ ለኩላሊትም፣ ለድካምም ጥርስ ይነቅሉ ጀመር። በኒው ጀርሲ የትሬንተን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ኮተን እብደት የሚድነው በዚህ ነው ብሎ የታካሚዎቹን ጥርስ አስነቀለ፤ ጥርስ ሳይበቃውም አንጀት አስቆረጠ። ብዙዎች ሞቱ። ሐሳቡ ሲወድቅ የሕክምናው ዓለም አፍረት ይዞት ድድንና ገላን እንደገና አለያየ፤ ያ አጥር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቆመ። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ «አፍ ከገላ ጋር ይገናኛል ወይ?» አይደለም። ይገናኛል። ጥያቄው የትኛው ግንኙነት ተፈትኖ ጸና የሚለው ነው።

ከሁሉ የጸናው ስኳር ነው። ሎኤ ራሱ በ1993 የድድ በሽታን የስኳር ስድስተኛው መዘዝ ብሎ ጠራው፤ ከዓይን፣ ከኩላሊት፣ ከነርቭና ከትልልቅ የደም ሥሮች ጉዳት፣ እንዲሁም ከቁስል ቶሎ አለመዳን ቀጥሎ መሆኑ ነው። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ቁስል ቶሎ አይድንለትም፣ ነጭ የደም ሴሎቹም ደክመው ይዋጋሉ። ስለዚህ በሌላ ሰው ላይ በዓመታት የሚመጣው የድድ መላቀቅ በእሱ ላይ ይፈጥናል። ነገሩ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አይደለም። ከታመመ ድድ ወደ ደም የሚገባው የብግነት ኬሚካል ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያደናቅፋል፤ ስኳሩም ይወጣል። ወጣ ማለት ድዱ ባሰበት ማለት ነው፤ ድዱ ባሰበት ማለት ስኳሩ እንደገና ወጣ ማለት ነው።

ድድን ማከም ስኳርን ያወርዳል ወይ ለሚለው መጀመሪያ የተገኙት መልሶች ተጋጭተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ከ500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ «አያወርድም» አለ። ኋላ ግን ሙከራዎቹ በዙ። በ2022 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት 35 ሙከራዎችን፣ 3,249 ሰዎችን ደምሮ ሲመረምር፣ ጥርስና ድዳቸው ከሥር የተፋቀላቸው ሰዎች የሦስት ወር የስኳር ልኬት በ0.43 በመቶ ነጥብ ወርዶ አገኘ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሐኪም ሁለተኛ የስኳር ኪኒን ሲጨምር ከሚያገኘው ለውጥ ብዙም የራቀ አይደለም። ኪኒኑ በየወሩ ይገዛል፣ መድኃኒት ቤትም ሊጠፋ ይችላል። የሰሜን ወሎዋ ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆዩበት ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፏል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን ያናጋው ግጭት ደግሞ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ቆይቷል። መድኃኒቱ በጭነት መኪና መምጣት ያለበት ሰው፣ በእጁ ባለ መፋቂያ ሊጠብቀው የሚችለው ነገር ካለ ማንም ሊነግረው ይገባል።

ሌላም አለ። በአገራችን ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው ስኳር ሊለካ አይደለም፤ ድዱ መግል ይዞ ወይም ጥርሱ ተነቃንቆ «ንቀሉልኝ» ሊል ነው። ጥርሱን ነቅሎ መሸኘት ይቻላል። ጣቱን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም መለካትም ይቻላል። በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ያልተቦረቦረ ጥርሱ የሚነቃነቅ ሰው ሁሉ ስኳሩ ቢለካ፣ እንደ አያቴ ያሉ ስንት እናቶች በእግራቸው ቁስል ሳይሆን በድዳቸው በታወቁ ነበር።

ቀጥሎ ልብ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሕዝቡን የሚያደናግረውም ይህ ነው። የመጀመሪያው የፈረንጁ ዜና የሚያወራው፣ የልብ ደም ሥር በስብ የሚጠብበት በሽታ ነው። በ1989 ፊንላንዳዊው ኪሞ ማቲላ ልባቸው ድንገት የታመመ 100 ሰዎችን ከ102 ጤነኞች ጋር አስተያይቶ የታማሚዎቹ አፍ የባሰ ሆኖ አገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ሆኖም የሚያጨስ ሰው ድዱም ልቡም ይታመማል፤ ድሃም እንዲሁ፤ ስኳር ያለበትም እንዲሁ። የአሜሪካ ልብ ማኅበር በ2012 ከ500 በላይ ጽሑፎችን መርምሮ የደረሰበት ፍርድ ሁለቱ አብረው መታየታቸው እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም የሚል ነበር። ይህ ፍርድ ዛሬም በመሠረቱ ቆሟል።

ሁለተኛው ነገር ግን የእኛው ነው፤ ጥርጣሬም የለበትም። በኢትዮጵያ ልባቸው የሚታመም ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያማቸው የልባቸው በር ነው። በልጅነት በደንብ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ወደ ሩማቲክ ትኩሳት ይለወጥና የልብን በር ያጠባል ወይም እንዳይገጥም ያደርጋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ማዕከል፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ደጁ የሚጠናው በእንዲህ ያሉ ልጆች ነው። የተጎዳ የልብ በር ሻካራ ነው፤ ከድድ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ እዚያ ይለጠፋል፣ ይራባል፣ በሩን ይበላዋል። ይህ በሽታ ሕክምና እያለም ገዳይ ነው። ባክቴሪያው ደም ውስጥ የሚገባው ጥርስ ሲነቀል ብቻ አይደለም። በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከቦረሹ በኋላ ድዳቸው በሰፊው በደማ ሰዎች ላይ ባክቴሪያ ወደ ደም የመግባቱ ዕድል ወደ ስምንት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። የታመመ ድድ ያለው ልጅ በየቀኑ፣ እንጀራ ባኘከ ቁጥር፣ ይህ ያጋጥመዋል። ስለዚህም የአሜሪካ ልብ ማኅበር በ2007 ከጥርስ ሕክምና በፊት ይሰጥ የነበረውን ፀረ ባክቴሪያ ለአብዛኞቹ ሕሙማን አስቀርቶ፣ ከእሱ ይልቅ የአፍ ንጽሕና ላይ አተኮረ።

እዚህ ላይ አንድ ለሕይወት የሚበጅ ነገር አለ። ልባቸው የታመመ ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ የጉሮሮው ሕመም እንዳይመለስ የሚከላከል ነው። ከድድ የሚነሣውን አይከላከልም። መርፌውን ሳያቋርጡ የሚያስወጉ፣ ስንቅ ይዘው ከገጠር የሚመላለሱ ወላጆች «ልጄ ተጠብቆልኛል» ብለው ያምናሉ፤ በአንድ በኩል ልክ ናቸው። በሌላው በኩል የሚጠብቀው ብሩሹ ነው። ይህን የሚነግራቸው ሰው መርፌውን የሚወጋው ባለሙያ ካልሆነ ማን ይሆናል?

የነፍሰ ጡሮችን ጉዳይ በጥንቃቄ እናገራለሁ። በእርግዝና ሆርሞን ይለወጣል፣ ድድም ከወትሮው ይልቅ ያብጣል፣ ይደማል። ብዙ እናት «ልጁ ነው የሚወስደኝ» ብላ ታልፈዋለች። በ1996 ከኖርዝ ካሮላይና የወጣ ጥናት የድድ በሽታ ያለባቸው እናቶች ያለጊዜው የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ብሎ ዓለምን አነቃንቆ ነበር። ሆኖም በ2006 በ823 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ በእርግዝና ድዳቸው የታከሙት 12.0 በመቶ፣ ሕክምናው እስከ ወሊድ የቆየላቸው ደግሞ 12.8 በመቶ ያለጊዜያቸው መውለዳቸውን አሳየ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ስለዚህ «ድድሽን ካልታከምሽ ልጅሽ ያለጊዜው ይወለዳል» ብሎ ነፍሰ ጡርን ማስፈራራት አይገባም። የዚያው ሙከራ ሌላ ግኝት ግን ለእኛ ይጠቅማል፤ በእርግዝና ድድን ማከም እናቲቱንም ጽንሱንም አልጎዳም። «ነፍሰ ጡር ጥርሷ አይነካም» የሚለው ወግ መሠረት የለውም። ሕመሟን ዘጠኝ ወር ተሸክማ እንድትቆይ የሚያስገድዳት ነገር የለም።

የመርሳት በሽታን በአጭሩ ልለፈው። በ2019 የድድ ባክቴሪያ በታማሚዎች አንጎል ውስጥ ተገኘ ተባለ፤ በዚያ ላይ የተመሠረተው መድኃኒት ግን በ2021 በሙከራ ወደቀ። እስካሁን ያለው ይኸው ነው።

ድድ ከገላ ብቻ ሳይሆን ከማኅበረሰቡ ኑሮም ጋር እንደተሳሰረ የሚያሳየው ኖማ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ኖማ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። ልጁ አስቀድሞ በረሃብ ወይም በኩፍኝ ወይም በወባ ተዳክሟል። ድዱ ይቆስላል፣ ይደማል፣ አፉ ይሸታል። በቀናት ውስጥ ጉንጩ ያብጣል። ከዚያ ሥጋው ይጠቁርና ይበሰብሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉንጭ ተበልቶ መንጋጋ ሊታይ ይችላል። ካልታከሙት ከ10 ልጆች እስከ 9 ይሞታሉ። የተረፈው በተበላ ፊት፣ አፉ ተቆልፎ ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜም ከሰው ተደብቆ። ባደጉት አገሮች ኑሮ ሲሻሻል ኖማ ጠፍቶ ነበር። ተመልሶ የታየው በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ አለ፤ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ ፊታቸው በኖማ የተበላ ሰዎችን ቀዶ ሕክምና አድርጓል።

የሚቆጨው ይህ ሁሉ በድድ ደረጃ ሊቆም መቻሉ ነው። የቆሰለ ድድ ባየ ሰው እጅ አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ካለ፣ የጨው ውሃ ካለ፣ ለልጁ የሚበላ ነገር ካለ፣ ፊቱ ይድናል። እነዚህ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጡ ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በብዙ ወጪ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ሐኪም ነው።

ወሎ ደግሞ ረሃብን የሚያውቅ አገር ነው፤ የ1965ቱም የ1977ቱም (ዓ.ም.) እዚህ አልፏል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ሱዳንና ሶማሊያ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በመጠለያ ውስጥ ፍራፍሬና አትክልት ሲጠፋ በሚመጣው በእስከርቢ ታመዋል፤ የሚታደላቸው ራሽን እህልና ዘይት ብቻ ነበር። የዚያ በሽታ አንዱ ምልክት ያበጠና የሚደማ ድድ ነው። ብርቱካንና ማንጎ በምታበቅለው መርሳ አጠገብ ላለ ሰው ይህ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ግን በዚሁ በሐብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ዓመታት አሳልፈዋል። እዚያ ላለ ልጅ፣ ረሃብ እንደጎዳው ለማወቅ፣ የክንዱ ዙሪያ በቀለማዊ ሪባን ይለካል፤ ይህ ጥሩ ሥራ ነው። ሪባኑን የያዘው እጅ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ለማየት የሚወስድበት አምስት ሰከንድ ነው።

መፍትሔው የጥርስ ሐኪም ማብዛት ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ። ሐኪም ይብዛ። ነገር ግን ውርጌሳ ላይ የጥርስ ሐኪም እስኪቀመጥ መጠበቅ የአንድ ትውልድ ጥርስ እስኪወልቅ መጠበቅ ነው። ያለን ሀብት ሌላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ባለሙያዎችን አስቀምጧል፤ በሺህ የሚቆጠሩ እናቶችና ሕጻናት በእነሱ ሥራ ተርፈዋል። ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች መካከል ግን በስሙ የአፍ ጤና የሚባል አልነበረም። መጸዳጃ ቤት ተቆጥሯል፣ አጎበር ተቆጥሯል፣ ክትባት ተቆጥሯል። አፍ አልተቆጠረም። ይህ የባለሙያዎቹ ጥፋት አይደለም፤ የተሰጣቸውን ሠርተዋል።

በሕዝቡም እጅ ያለ ነገር አለ። መፋቂያ። ወይራ፣ ክትክታ፣ ልምጭ፤ ጫፉ ታኝኮ ብሩሽ የሆነ እንጨት። ለሙስሊሙ ሲዋክ ሱና ነው፤ በሐብሩ ሶላት ሊሰግድ ከሚወጣው ሰው ኪስ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያን መጠቀም ደግፏል፤ በአግባቡ ከተፋቀበት ልባሱን ያነሣልና። ጉድለቱ አፋፋቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው የፊት ጥርሱን ያጸዳል፤ በሽታው የሚጀምረው ግን ከኋላ መንጋጋዎች፣ ከውስጥ በኩልና ጥርስና ድድ ከሚገናኙበት መስመር ነው። ድዱ ሲደማ መፋቅ የሚያቆምም ብዙ ነው፤ ማቆም አይገባም፣ እዚያ ቦታ ላይ ይበልጥ በስሱ መፋቅ እንጂ። የጥርስ ሳሙና ሲገኝ ፍሎራይዱ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል፤ ድድን የሚያድነው ግን ፍቀቱ ነው። ድንጋይ የሆነውን መፋቂያ አያነሣውም፤ ለእሱ ጥርስ ማሳጠብ ያስፈልጋል። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያሳሳል» የሚለው ትክክል አይደለም። ድንጋዩ ሲነሣ ከሥሩ የሸሸው ድድ ይገለጣል፤ ሰው የሳሳ የሚመስለው ለዚያ ነው።

ትምባሆ ድድን ከሚገድሉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ከዚያም ይብሳል፤ የሚያጨስ ሰው ድድ ደም ሥሩ ስለሚጠብ ብዙም አይደማም፣ እንደ ተነቀሰ ድድ ምልክቱን ይደብቃል። ጫትን በተመለከተ ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። ጫቱ በሚወሸቅበት ጉንጭ በኩል ድድ እንደሚሸሽ የሚያሳዩ አሉ። በወዳጃውም በበርጫውም ከጫቱ ጋር የሚወሰደው ስኳር፣ አፍ የሚያደርቀው ሙቀትና ያለ ማጽዳት የሚያልፈው ሌሊት ግን ለድድ ጥሩ ሊሆን አይችልም። ቢያንስ ከበርጫ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መፋቅ ያስፈልጋል።

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም፣ የወልድያና የመርሳ ሐኪሞችም፣ ጤና ኬላ ላይ የምትሠራው እህታችንም ይህን ካነበባችሁ፣ የምለምናችሁ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ስኳር ለሚከታተል ሰው፣ የልብ መርፌ ለሚወጋ ልጅ፣ ለምርመራ ለመጣች ነፍሰ ጡር፣ ክንዱ ለሚለካ ሕጻን እናት፣ ከምትጠይቁት ሁሉ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። ለልጅቱ «ድድሽ ይደማል?» በሏት። ድዳቸው ለጠቆረው እናት ደግሞ ቀረብ ብላችሁ «እማማ፣ ሲፍቁ ድድዎ ይደማል ወይ? ጥርስዎስ ይነቃነቃል?» በሏቸው፤ አዎ ካሉ ጣታቸውን ወግታችሁ ስኳራቸውን ለኩላቸው።